ከአጥሩ ወዲያ የተቀመጠው ሰው

ራሱን የገደለ ሰው የገዛ ዓይኑን አይከድንም። መርማሪ አዲና ከአቲቆት ሰፈር ጀርባ፣ ባሕር ዛፎቹ ሥር ቆማ አስከሬኑን ስታይ መጀመሪያ የመጣላት ሐሳብ ይህ ነበር። ሽማግሌው በጀርባቸው ተንጋለዋል። እግራቸው ገጥሟል፣ እጃቸው ከጎናቸው ተዘርግቷል፣ ዓይናቸው ተከድኗል። አጠገባቸው ክዳኑ የተከፈተ ትንሽ የፕላስቲክ ጠርሙስ ወድቋል፤ የተባይ መድኃኒቱ ሽታ ከሩቅ ይሰነፍጣል። ያገኘቻቸው ውሻዋን ይዛ በማለዳ የወጣች ሴት ናት።

አለቃዋ ኒር ጠርሙሱን አየ፣ ሽማግሌውን አየ፣ ከዚያ ሰዓቱን አየ። በእሱ ቤት ምርመራው አልቋል። መታወቂያቸው ላይ ደርሶ የሚል ስም አለ፤ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ የአትክልት እርሻ የሚሠሩ ሰው ናቸው።

«ሽማግሌ ነው፣ ደክሞታል፣ ጠጥቶ ተኝቷል። ያሳዝናል። ቲኩን ዝጊው» አላት። ቲክ የሚለው የምርመራ መዝገቡን ነው።

«ዓይናቸውን ማን ከደነው?»

«ውሻ የያዘችው ሴት ትሆናለች።»

አዲና ሄዳ ጠየቀቻት። ሴትየዋ እንኳን ልትነካ በቅጡም አላየች፤ ጫማውን አይታ ነው የሮጠችው። አዲና ተመልሳ ለኒር መዝገቡን እንደማትዘጋ ነገረችው። እሱም አልገረመውም። አዲና እዚሁ አሽቀሎን ከተማ የተወለደች፣ ከጎንደር የመጡ አይሁድ ልጅ ናት፤ አማርኛውን ከእናቷ፣ ግትርነቱን ከአባቷ ወርሳለች። ጣቢያው ውስጥ እንደ መዥገር ነች ይሏታል። እሷ ይህን የምትሰማው እንደ ምስጋና ነው።

የደርሶ ቤት ግቫት ጺዮን ሰፈር ውስጥ ነው፤ ከአሮጌዎቹ ቤቶች አንዱ፣ ፊት ለፊቱ የሎሚ ዛፍና አጭር የብረት አጥር ያለው። ባለቤታቸው ትዋበች ባላቸውን ሲጠብቁ ነበር ያደሩት። መርዶው ሲነገራቸው አልጮኹም፤ መጀመሪያ ልየው አሉ። አዲና በስልኳ ያነሳችውን ፎቶ ሰጠቻቸው። ስልኩን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው ብዙ ቆዩ።

«ይሄ ሸሚዝ የሱ አይደለም» አሉ በመጨረሻ። «የሱን የማጥበው እኔ ነኝ። ትናንት ለብሶ የወጣው ሰማያዊ ነው፣ ክርኑን የጠቀምኩት። ይሄ ነጩ ሁለት ደርሶ ያስገባል።»

ከዚያ የባላቸውን በሽታ አወሩ፤ ያወሩትም እያለቀሱ ሳይሆን እየተናደዱ ነበር። ካለፈው ዓመት ወዲህ የደርሶ እጅ ይንቀጠቀጥ ነበር። ከሥራ ሲመለሱ ራሳቸውን ይፈልጣቸዋል፣ ያስመልሳቸዋል፣ ሲመሽ ዓይናቸው ይደበዝዛል፤ የልጅ ልጆቻቸውን ስም እስከ መርሳት ደርሰው ነበር። ክሊኒክ ሲሄዱ እድሜ ነው ተብለው የራስ ምታት ክኒን ይዘው ይመለሳሉ።

«እድሜ ነው አሉት» አሉ ትዋበች። «እዛ ሐማማ ውስጥ ያሉት ሁሉ ታዲያ ባንድ ጊዜ ነው ያረጁት?» ሐማማ የሚሉት ቃሪያ የሚበቅልበትን የላስቲክ ቤት ነው።

ቤቱ በለቀስተኛ መሞላት ሲጀምር ሹክሹክታውም አብሮ ገባ። ራሱን የገደለ ሰው ከሰው መሃል አይቀበርም፣ ከመቃብሩ አጥር ዳር ነው የሚጣለው። ማንም ይህን ጮክ ብሎ አላለውም፤ ሁሉም ግን እየሰማ ነበር። አዲና አስከሬኑ እንዲመረመር የትዋበችን ፈቃድ ስትጠይቅ ሽማግሌዎቹ በአንድ ድምፅ ተቃወሙ። በኛ ወግ ሬሳ አይቀደድም፣ ነውር ነው፣ እንደ ተፈጠረ ይመለስ አሉ። ትዋበች ሁሉንም አስጨርሰው ከሰሙ በኋላ ነጠላቸውን አጥብቀው ተነሡ።

«ቆዳው ቢቀደድ እግዜር ይሰፋዋል» አሉ። «ስሙ ከተቀደደ ግን ማን ይሰፋልኛል? ይመርመር።»

አስከሬኑን የመረመረችው ሐኪም ሮተም ነገር ማስረዘም አትወድም። ለአዲና መጀመሪያ ያሳየቻት ዓይኑን ነው። የዓይኑን ቆብ ስትገልጠው ብሌኑ ጠቦ የመርፌ ቀዳዳ አክሏል። መድኃኒቱ ይህን ነው የሚያደርገው አለች፤ በሰውነት ውስጥ ያለውን ልጓም ይፈታል። ላብ፣ ምራቅ፣ እንባ ዝም ብሎ ይፈሳል፤ ጡንቻው ይርገበገባል፣ በኋላም ይዝላል፤ ሳንባው በገዛ ውሃው ይሞላል።

«ጠጥተውት ነው?»

«አልጠጡም። አፋቸው ውስጥ አለ፣ ከጉሮሮ ግን አላለፈም፤ ሆዳቸው ንጹሕ ነው። ከሞቱ በኋላ ነው አፋቸው ላይ የተጨመረው።» ሮተም አስከሬኑን በጎኑ አዞረችው። ከትከሻ እስከ ወገብ ጀርባው ፍም መስሏል። «የገባው በዚህ ነው። ቆዳ በር ነው፣ አዲና፤ ሰው ግን የዘጋ ይመስለዋል። መድኃኒቱ ጀርባቸው ላይ ሲፈስ ነው የዋለው።»

አዲና ቶሎ ሞተው እንደሆነ ጠየቀች። ሮተም ጓንቷን አወለቀች።

«አይደለም፣ ብዙ ታግለዋል። በጣም የሚያናድደኝ ደግሞ ማርከሻ መኖሩ ነው። በየአምቡላንሱ አለ። በጊዜ ቢደርሱ ኖሮ ዛሬ ቤታቸው ነበሩ።»

ደርሶ ከሰው መሃል ተቀበሩ። እንደ አገሩ ደንብ አጥበው፣ ከፍነውና ተሸክመው የቀበሯቸው የቀብር ማኅበሩ ሰዎች ናቸው፤ ዘመድ አዝማድ ከኋላ ነበር። ትዋበች አፈሩ ከተመለሰ በኋላ የአዲናን ክንድ ያዙ። «በምን እንደ ሞተ ነግረሽኛል» አሉ። «አሁን በማን እንደ ሞተ ንገሪኝ።»

የሐማማው ኃላፊ ኡሪኤል አዲናን የተቀበላት በቀዝቃዛ ውሃና በሐዘን ፊት ነው። ደርሶ እንደ አባቴ ነበሩ አላት። በዚያን ቀን በምሳ ሰዓት ተበሳጭተው ሥራ ጥለው ወጡ፤ ጠርሙሱን ከመጋዘን ሰርቀው መሆን አለበት። እሱ ራሱ ከሰዓት በኋላ ቃሪያ ጭኖ ማሸጊያው ቤት ነበር፤ ጠይቂ አላት። ሠራተኞቹ ደግሞ ውሃ እንደ ጎረሰ ሰው አፋቸውን ገጥመው ቆመዋል። ኡሪኤል ሊሸኛት ሲወጣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ አንድ ነገር ጨመረላት። ደርሶና የሠራተኞቹ አለቃ ባየ በዚያው ሳምንት አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ ተጣልተው ሊማቱ ነበር፤ ያላየ ሰው የለም።

አዲና በመጋዘኑ በኩል አለፈች። ግድግዳው ላይ በጀርባ የሚታዘል መርጫ ተሰቅሏል፤ አዲስ ነው፣ ማንገቻው ገና ከላስቲኩ አልወጣም። አሮጌውስ አለች። ኡሪኤል ድሮ ተጥሏል አላት። የማሸጊያ ቤቱ ዘበኛ ደግሞ ኡሪኤል መምጣቱን አልካደም። ግን አምሽቶ ነው የመጣው፣ ጎማ ፈንድቶብኝ ነው ብሏል።

የፈነዳ ጎማና አዲስ መርጫ ለኒር አልበቁትም። የተለወጠው ሸሚዝ ግን ሰው እንዳለበት ይናገራል፤ ሰው ካለበት ደግሞ ጸብ ያለው ሰው ነው ብሎ ባየ ላይ ቆረጠ። አዲና ከለቀስተኛ መሃል ሽማግሌ በካቴና አላወጣም አለችው። ካልሆነ ሌላ መርማሪ ይላካል አላት። እንደዚያ ከሆነ መታወቂያዬንም አብሮ ይውሰደው አለች። እስከ ነገ ብቻ ጊዜ ሰጣት።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ግቫት ጺዮን ስትደርስ ባየ የሐዘኑ ድንኳን ውስጥ አልነበሩም። ከአጥሩ ወዲያ፣ መንገዱ ዳር፣ ጥላ ሥር በላስቲክ ወንበር ለብቻቸው ተቀምጠዋል። ቀኑ ያቃጥላል፤ እሳቸው ግን ወፍራም የሥራ ጃኬታቸውን ለብሰዋል። ከአጠገባቸው የራሳቸው ኩባያ አለ። ባየና ደርሶ ከአንድ ቀበሌ የመጡ፣ በአንድ አውሮፕላን ወለል ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው የተሻገሩ ሰዎች ናቸው። ሺምሾን ሰፈር ካለው ቤታቸው በየማለዳው በእግር መጥተው ደርሶን ቀስቅሰው ነበር ሥራ የሚሄዱት። አሁን ግን አጥሩን አያልፉም።

ድንኳኑ ውስጥ ያሉት ሁሉ የየራሳቸው ትርጉም ነበራቸው። አኩርፎ ነው ያለ አለ። አፍሮ ነው፣ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ያለም አለ። አዲናም ወደዚያው እያዘነበለች ነበር። ትዋበች ብቻ ምንም ሳይሉ ሳህን ላይ ዳቦና ምስር አድርገው ለአዲና ሰጧት። «ሰው ነው፣ ይብላ። ከዚያ የምትጠይቂውን ጠይቂው» አሉ።

አዲና ሳህኑን ዘረጋችላቸው። ባየ እጃቸውን ወደ ኋላ ሰበሰቡ።

«መሬት ላይ አስቀምጪው፣ ልጄ። ከእጅሽ አልቀበልም።»

ሳህኑን አስቀምጣ ቀና ስትል አያቷ ትዝ አሏት። ልጅ ሳለች ነው። አያቷ የዘመድ ሬሳ በገዛ እጃቸው አጥበው በመጡ ጊዜ ሰባት ቀን በረንዳ ላይ ለብቻቸው ተቀመጡ። ምግባቸውን ደፉ ላይ አስቀምጣ እንድትመለስ ነበር የታዘዘችው። አንድ ቀን ረስታ ልታቅፋቸው ስትሮጥ እናቷ በፀጉሯ ጎትታ መለሰቻት። የኦሪት ሕግ ነው። ሬሳ የነካ ሰባት ቀን ርኩስ ነው፤ ከሰው ይለያል፣ የለበሰውንም የሚያጥበው ሰባቱ ሲሞላ ነው። ወጣቶቹ ትተውታል፤ ብዙ ሽማግሌዎችም እዚህ አገር ከመጡ ወዲህ ላላ አድርገውታል። ባየ አላላሉትም።

ሰውየውን አየቻቸው። ላቡ ከግንባራቸው ላይ ይወርዳል። ምራቃቸውን ደጋግመው ይውጣሉ። የዓይናቸው ብሌን እንዲህ ባለ ጥላ ውስጥ መስፋት ሲገባው ጠቦ የመርፌ ቀዳዳ አክሏል። አዲና ስልኳን አውጥታ አምቡላንስ ጠራች፤ በመርዝ የተጎዳ ሰው ነው አለች። ከዚያ ከፊታቸው ቁጢጥ አለች።

«ጋሼ ባየ፣ ሬሳ ነክተዋል።»

ባየ ጃኬታቸውን ወደ ደረታቸው ሰበሰቡ።

«ያጠበውም የተሸከመውም የቀብር ማኅበሩ ነው። እርስዎ መቃብሩ ዘንድ ከሩቅ ነበር የቆሙት፣ አይቼዎታለሁ። ታዲያ ጋሼ ደርሶን መቼ ነኩት?»

ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ የእሳቸው ዝምታ ግን ነቅዞ ኖሯል።

«ለፖሊስ መዋሸት ችዬ ነበር፣ ልጄ» አሉ። «ለኦሪት ግን አልቻልኩም።»

«ይህን ጃኬት ለብሰው ነው ያቀፉት?»

«ለብሼ ነው። ሰባቱ ሳይሞላ አላወልቀውም።»

«እየገደለዎት ያለው እሱ ነው። ያውልቁት።» መኪናዋ ውስጥ ካለው ካርቶን የላስቲክ ጓንት አምጥታ አጠለቀች። እጇን ስትዘረጋ ወደ ኋላ አፈገፈጉ።

«አትንኪኝ፣ ትረክሻለሽ።»

«እረክሳለሁ» አለችና ቁልፉን መፍታት ጀመረች።

ባየ ያኔ መናገር ጀመሩ። ትዋበች ከድንኳኑ ወጥተው አጥሩን ይዘው እንደ ቆሙ አዲና ያየችው ዘግይታ ነው። የመርጫው ታንክ ተሰንጥቆ ነበር። ደርሶ በማለዳው ለኡሪኤል አሳዩት፤ ዛሬን ጨርስበት፣ ቃሪያው ለበዓል ገበያ መድረስ አለበት ተባሉ። ሽርጥና መሸፈኛ ልብስ ይሰጠን ቢሉ ሙቀቱ ውስጥ ማን ይለብሰዋል ተባሉ። አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ የተጣሉትም በዚሁ ነበር። ደርሶ ሠራተኛውን አስተባብሬ አቤት እላለሁ ሲሉ ባየ እንጀራችንን አትዝጋብን ብለው ጮኹባቸው። መድኃኒቱ በደርሶ ጀርባ ሲወርድ ዋለ፤ ከምሳ በኋላ አፋቸው አረፋ ደፍቆ ወደቁ። ባየ አምቡላንስ ይጠራ ሲሉ ኡሪኤል የእኔ መኪና ይቀድማል አለ። ባየ ደርሶን አቅፈው ከኋላ ተቀመጡ።

«ከዚያ በኋላ ሞተ» አሉ ባየ፤ ትዋበችን አይተው እዚያ ላይ አቆሙ።

የቀረውን ቶሎ ቶሎ ጨረሱት። ኡሪኤል የራሰውን ሸሚዝ አስወልቆ የራሱን ትርፍ ሸሚዝ አለበሰ፣ ጠርሙሱን አፋቸው ላይ ደፋ። የሠራተኞቹ አለቃ አንተ ነህ፣ የላክኸው አንተ ነህ፣ ብትናገር ቀድመህ የምትታሰረው አንተ ነህ አላቸው። ሰማያዊውን ሸሚዝ አቃጥለው ተባሉ። ባየ ግን እግሩን ገጠሙ፣ እጁን ዘረጉ፣ ዓይኑን ከደኑ፤ ሸሚዙንም በላስቲክ ጠቅልለው በረንዳቸው ላይ አኖሩት። በሰባተኛው ቀን ከጃኬታቸው ጋር አጥበው ለትዋበች ሊመልሱ ነበር ሐሳባቸው።

ያ ሸሚዝ ቢታጠብ ኖሮ ምስክሩ ሁሉ በሳሙና ተጠርጎ ይሄድ ነበር። የጠበቀው ሕጉ ነው።

አምቡላንሱ ደረሰ። ባለሙያዎቹ ልብሱን አውልቀው በከረጢት አሰሩት፣ የባየን ቆዳ አጠቡ፣ ማርከሻውን በክንዳቸው ወጉ። ባየ ሰባቱ ሳይሞላ መታጠባቸውን ተቃወሙ። አዲና አብራቸው ገብታ ተቀመጠችና ነፍስ ለማዳን ሰንበትም ይሻራል፣ ቄሱን እኔ እጠይቅልዎታለሁ አለቻቸው። መኪናው ሲሄድ ዓይናቸውን ጨፍነው መንገዱን በጀርባቸው ያዳምጡ ጀመር።

«መስቀለኛው መንገድ ደረስን?» አሉ ከአፍ መሸፈኛው ሥር።

«እየደረስን ነው።»

«እዚያች ጋ መኪናውን ቀስ አደረገው። ሆስፒታሉ በቀኝ ይታያል። ደርሶ ይተነፍስ ነበር፣ ልጄ። ጣቴን ይዞኛል። ወደ ቀኝ ታጠፍልኝ ብዬ ሰውየውን በአማርኛም በዕብራይስጥም ለመንኩት። ትንሽ አሰበና ቀጥ ብሎ ሄደ። ጫካው ሥር ደርሰን ነው ጣቴን የለቀቀኝ።»

አምቡላንሱ ቀስ አለ፣ ወደ ጎን አዘነበለ።

«ታጠፈ?» አሉ ባየ።

«ታጠፈ፣ ጋሼ።»

ሽማግሌው ሆስፒታሉ በር እስኪደርሱ ድረስ እንደ ልጅ አለቀሱ።

ሰማያዊው ሸሚዝ ከነጥቃሙ ሮተም ጠረጴዛ ላይ ደረሰ፤ የጀርባው መርዝ ገና እንደረጠበ ነበር። የተሰነጠቀው መርጫ ከእርሻው የውሃ ኩሬ ውስጥ ወጣ። ኡሪኤል ከጎማው ታሪክ ወደ ሌላ ታሪክ፣ ከዚያም ወደ ጠበቃው ተሸጋገረ። ኒር መዝገቡን ፈርሞ ለአዲና ሲመልስላት «መዥገር» ብቻ አላት፤ ከዚያ በላይ ምስጋና አልጠበቀችም።

በሰባተኛው ቀን ቤተ ዘመዱ መቃብሩን ሊያይ ወጣ። የሐማማው ሠራተኞችም መጥተዋል፤ የሁላችንም ደም ሳይመረመር እግራችን እዚያ አይገባም ብለው ሥራ ካቆሙ ሰንብተዋል። ባየ ከሆስፒታል የወጡት በዚያው ቀን ነበር። ክሳታቸው ጎልቶ፣ በሰው ልብስ፣ ከሁሉም ርቀው የመቃብር ቦታው አጥር ዘንድ ቆሙ። ሰባቱ ሞልቷል፣ መግባት ይችላሉ፤ እግራቸው ግን እምቢ አላቸው።

የመስቀለኛውን መንገድ ነገር ከአዲና የሰሙት ትዋበች አዩዋቸው። ሴትየዋ በቀስታ ሄደው አጥሩን ወጡና ከፊታቸው ቆሙ። ከጉያቸው የተጠቀለለ ዳቦ አውጥተው መሬት ላይ ሳያስቀምጡ ባየ እጅ ውስጥ አኖሩት፤ ያንኑ እጅ በሁለት እጃቸው ጨብጠው ያዙት።

«ይቅር ብዬህ እንዳይመስልህ» አሉ። «ብላ። ፍርድ ቤት ቆመህ ያን መስቀለኛ መንገድ እስክትናገር ድረስ አትሞትብኝም።»